ምዕራፍ 7፦ ማንም ያልቀዳው ውኃ

የውኃ ወፍጮ ውኃ ይጠቀማል እንጂ አይጨርስም። ከወንዝ በቦይ የተጠለፈው ውኃ መዘውሩን አዙሮ ከወፍጮ ቤቱ ሥር ሲወጣ መጠኑ ያው ነው፤ ከታች ያለው ገበሬ ምንም አይጎድልበትም። መንገድ ዳር ተቆፍሮ የተተወ የጠጠር ጉድጓድ ግን ተቃራኒው ነው። ማንም አይቀዳበትም፤ ፓምፕ የለው፣ ቱቦ የለው፤ ውኃ ግን ይጨርሳል።

በምዕራፍ 3 ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ ምንጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ተከትለናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ የውኃ አባት የመስኖ ተራ እንዴት እንደሚያከፋፍልና ተራ የዘለለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አይተናል። እዚህ ሁለቱ ይገናኛሉ። ጠጠር ሲወጣበት ውኃ ያገኘ ጉድጓድ በውኃ አባቱ ተራ ውስጥ ያልገባ፣ ስሙ የማይጠራ፣ ሌት ተቀን የሚጠጣ አንድ ተጨማሪ ባለ ድርሻ ነው። ይህን ባለ ድርሻ ለማየት “ውኃውን ማን ወሰደው?” የሚለውን ጥያቄ ትተን “ከውኃው ስንቱ አልተመለሰም?” ብለን መጠየቅ አለብን።

መንገዱና ካባዎቹ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው፣ ከዚያም በሊማሊሞ ገደል ተጠማዝዞ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቀየሰ ነው። አስፋልት ከመልበሱ በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት የጠጠር መንገድ ነበር። የጠጠር መንገድ ደግሞ አይጠግብም። ክረምቱ ያጥበዋል፣ መኪናው አቧራ አድርጎ ይበትነዋል፣ በየጊዜው አዲስ ጠጠር ይለብሳል። ዛሬም ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ሁሉ ያንኑ ይፈልጋሉ፤ ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የሕንፃው ፍላጎት ተጨምሮበታል። ስለዚህ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባና ገረጋንቲ የሚዛቅበት ጉድጓድ በየአቅጣጫው አለ።

ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ያልለየ ሰው ንጹሑን ይከሳል፣ ጥፋተኛውን ያልፋል። የሰሜን ተራሮችና የወገራ አምባ የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በኮረብታ ጫፍ ላይ ይህን ጥቁር ድንጋይ በመፈለጥ የተከፈተ ካባ ከከርሰ ምድር ውኃው በብዙ ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ክረምት ዝናብ ይጠራቀምበታል፣ ከታች ያለው ሸክላማ አፈር ይይዘዋል፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ይደርቃል። ይህ ኩሬ የያዘው አለዚያ ጎርፍ ሆኖ ይሄድ የነበረ ውኃ ነው። ከጎረቤት የወሰደው ነገር እምብዛም ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ያለው በሸለቆ ወለል ላይ ነው፤ ጅረቶች በዘመናት ጠጠርና አሸዋ ከትተው በሄዱበት ሜዳ። እዚያ ሰው በእጁ ጥቂት ሜትር ቢቆፍር ውኃ ያገኛል። ኤክስካቫተር ሲገባማ ያንን ጥልቀት በአንድ ጠዋት ያልፈዋል። ከጉድጓዱ ወለል ላይ ብቅ የሚለው ውኃ ከሰማይ የመጣ አይደለም፤ የታችኛው ሰፈር ጉድጓድና ምንጭ የሚጠጡት ያው ውኃ ነው፤ ክዳኑ ተነሣለት እንጂ። የዚህ ምዕራፍ ተከሳሽ ይኼኛው ነው።

ሁለት ሳፋ

ነገሩን በቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ሁለት እኩል የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሰዱና እስከ አፋቸው ጠጠር ሙሏቸው። ከዚያ ውኃ ጨምሩ፤ ግን ከጠጠሩ ጫፍ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ደረቅ ጠጠር ናቸው። አሁን ከአንደኛው ሳፋ መሐል ላይ ውኃው እስኪታይና ከዚያም በታች ጠጠሩን እየዛቃችሁ አውጡ። ሁለቱንም በየካቲት ፀሐይ ላይ አስቀምጧቸው።

ያልተነካው ሳፋ ውኃ እምብዛም አይቀንስም። ፀሐዩ የሚያገኘው ደረቅ ድንጋይ ነው፤ ነፋሱም በጠጠሩ መካከል ዘልቆ ውኃውን አያገኘውም። የተዛቀው ሳፋ ግን በየቀኑ ይጎድላል። ልብ በሉ፤ የሚጎድለው በመሐል ያለው ኩሬ ብቻ አይደለም። ኩሬው ዝቅ ባለ ቁጥር በዙሪያው ካለው ጠጠር ውኃ ወደ መሐል ይሰርጋል፤ ስለዚህ የሳፋው ውኃ በሙሉ፣ ጠጠር ሥር ያለውም ጭምር፣ አንድ ላይ ይወርዳል። ጎረቤት “የእኔን ጉድጓድ ማንም አልነካውም” ማለት አይችልም።

አሁን ደግሞ ከሁለቱም ሳፋ ጎን፣ ከውኃው ገጽ በሁለት ጣት ዝቅ አድርጋችሁ በምስማር ቀዳዳ ብሱ። ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራሉ። ያ ምንጭ ነው። የተዛቀው ሳፋ ምንጭ ቀድሞ ይቆማል፤ ባዶ ስለሆነ ግን አይደለም። ቀዳዳው በቆመ ቀን ሳፋው ውስጥ ገና ብዙ ውኃ አለ፤ ገጹ ከቀዳዳው በታች መውረዱ ብቻ በቂ ነው። ስለዚህ ነው ትንሽ የምትመስል ጉድለት ምንጭን የምታደርቀው፤ ምንጭ የሚኖረው ከውኃው የላይኛው ጣት ላይ ነው።

ሳፋው አንድ ሌላ ነገርም ይነግረናል። ጠጠሩን ባወጣችሁበት ቅጽበት ውኃው ወዲያው ዝቅ ይላል፤ ድንጋዩ ይዞት የነበረውን ቦታ ውኃ መሙላት ስላለበት። ይህ የአንድ ጊዜ ዕዳ ነው። እርጥብ ጠጠር በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው ውኃም እንዲሁ። ትነቱ ግን ጉድጓዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ፣ መንገዱ ተመርቆ ኮንትራክተሩ ከሄደ ከብዙ ዓመታት በኋላም የሚቀጥል ዕዳ ነው።

ፀሐይ በቀን ስንት ትጠጣለች?

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በዚህ ብርድ ምን ይተናል የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ለትነት ዋናው ነገር አየሩ መሞቁ ሳይሆን ከፀሐይ የሚመጣው ጉልበትና የነፋሱ መድረቅ ነው፤ የበጋው ሰማይ ደግሞ ሁለቱንም አይነፍግም።

አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን ከ2.4 ሜጋ ጁል በላይ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ያንኑ ሊትር ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ለማሞቅ ከሚፈለገው 7 እጥፍ ያህል ነው። ጥርት ባለ የበጋ ቀን በዚህ ኬክሮስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ሜጋ ጁል ገደማ ያርፋል። ሁሉም ለትነት ቢውል 8 ሊትር ያተን ነበር፤ ከፊሉ ግን ከውኃው ገጽ ተንጸባርቆ፣ ከፊሉም በሌሊት ወደ ጠራው ሰማይ ተመልሶ ይሄዳል። የሚቀረው ግማሽ ያህል ነው፤ እሱም 4 ሊትር። በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ማለት ከገጹ አንድ ሚሊ ሜትር መጉደል ማለት ስለሆነ፣ ሂሳቡ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግሊዛዊው ሃዋርድ ፔንማን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ቀመር ውስጥ የፀሐይን ጉልበትና የነፋስን ድርቀት አንድ ላይ አስልቷል፤ ዛሬም የመስኖ መሐንዲሶች የሚሠሩት በዚያ ቀመር ልጆች ነው።

አራት ሚሊ ሜትር የስንዴ ፍሬ ርዝመት እንኳ አይሞላም። በአንድ ጥማድ መሬት ላይ እናንጥፈው። ጥማድ በሬ ጠምዶ በቀን የሚታረስ፣ ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በቀን 10,000 ሊትር ይተናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 500 ጀሪካን። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚያ ስሌት አንድ ጥማድ የሚያህል ክፍት ኩሬ በየቀኑ የ400 ሰው ድርሻ ወደ ሰማይ ይሰድዳል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት 240 ቀናት ሲደመር 2,400 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ለመጠኑ ምስክር ከተፈለገ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ስፋት አለው፤ በዓመት ከገጹ 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተናል። ይህ በባሕር ዳር በኩል በዓባይ ከሚወጣው ውኃ ይበልጣል። ዓባይ ወደ ሱዳን ሲሄድ እያየን ብዙ ዘፍነናል፤ ወደ ሰማይ ለሚሄደው የሚበልጠው ወንዝ ግን ዘፋኝ አላገኘም።

“ኩሬውም እኮ ክረምት ዝናብ ይቀበላል፤ የሚተነውን ይተካዋል” የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ሰነፍ ክርክር አይደለም፤ ቀስ ብለን እንየው። ዝናቡ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊትም እዚያው ቦታ ይወርድ ነበር። ያኔ ከፊሉን ሣሩ ጠጥቶ ያተነዋል፣ የቀረው ይሰርጋል ወይም ይፈስሳል። ስለዚህ ለኩሬው እንደ ገቢ ሊያዝለት የሚገባው ቀድሞ ሣሩ ይጠጣው የነበረው ብቻ ነው፤ የቀረው ቀድሞም የጎረቤት ነበረ። ሣር ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል፤ ከደረቀ አይጠጣም። ኩሬ ግን አይታክትም፤ ጭራሽ የሚበረታው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ምንጮች ሁሉ ከሲታ በሆኑበት ወር ነው።

ሕግ ጉድጓዱን ምን ይለዋል?

በዚህ ጉዳይ ላይ እጅግ የተጨቃጨቁት በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ሰዎች ናቸው። ዴንቨር ከተማ የተገነባችው ከሳውዝ ፕላት ወንዝና ከገባሮቹ ዳር በተዛቀ ጠጠር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ወንዞቹ ዳር የቀሩት ጉድጓዶችም በየቦታው ሐይቅ መስለው ተኝተዋል። በዚያ አገር የውኃ መብት የሚተዳደረው በቀዳሚነት ነው፤ ከወንዙ ቀድሞ የጠለፈ በድርቅ ጊዜ ቀድሞ ይጠጣል። ነባሮቹ ባለ መስኖዎች “ጠጠር አውጪዎቹ ያለ ተራቸው እየጠጡ ነው” አሉ። ጠጠር አውጪዎቹ “እኛ አንድ ባልዲ አልቀዳንም” አሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የከርሰ ምድር ውኃን የገለጠ የጠጠር ጉድጓድ በሕግ ዓይን የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል ብሎ ወሰነ። በዓመቱ የወጣው ሕግ ደግሞ የሚተነውን የመተካት ግዴታ ጣለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 መጨረሻ በፊት ውኃቸው የተገለጠ ጉድጓዶችን ግን ማረ። የሕግ ምሕረት ትነትን አያቆምም እንጂ፣ ሰው የተስማማበት መስመር ነው።

የእኛ ሕግ መነሻው ሌላ ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የገጹንም የከርሰ ምድሩንም ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጠጣል አይልም፤ ከማንኛውም አጠቃቀም በፊት ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ለእኔ ይህ ከኮሎራዶው የተሻለ መነሻ ነው። አዋጁ ፈቃድ የማይጠየቅባቸውንም ይዘረዝራል፦ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የእንስሳት ርባታ፣ ባህላዊ ማዕድን ማውጣት፣ እንዲሁም በዚህ ምዕራፍ መግቢያ ያነሣነው የውኃ ወፍጮ።

ችግሩ ሕጉ የሚያየው ተጠቃሚን መሆኑ ላይ ነው፤ የጠጠር ጉድጓድ ተጠቃሚ የለውም። ጠጠሩ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የኮንስትራክሽን ማዕድን ነው፤ የማዕድኑ ፋይል ስለ ጠጠሩ ሜትር ኩብ፣ ስለ ክፍያውና ቦታውን መልሶ ስለማስተካከል ያወራል። የውኃው ፋይል ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚቀርበው ውኃ የሚፈልግ አመልካች ነው። ውኃ ያልፈለገ ግን ውኃ ያጠፋ ሰው በሁለቱ ፋይሎች መካከል ሾልኮ ያልፋል። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ጊዜ አንዲት መስመር ብትጨመር፣ “ጉድጓዱ የከርሰ ምድር ውኃን ይገልጣል ወይ? ስንት ካሬ ሜትር?” የምትል፣ ነገሩ ወደ ብርሃን ይወጣ ነበር።

ዕዳውን በምን ይከፍሉታል?

ኮሎራዶዎች ዕዳቸውን በየወሩ ይከፍላሉ። ጠጠር አውጪው የእርሻ ውኃ መብት ይገዛና ውኃውን ወንዙ ላይ ይተወዋል፤ ወይም ከላይ ካለ ግድብ ያስለቅቃል፤ አለዚያም ጉድጓዱን ዙሪያውን በሸክላ ግድግዳ ከልሎ ከከርሰ ምድሩ ውኃ ይለየዋል።

ደባርቅና ዳባት ላይ ውኃ ገዝቶ ወይም ከላይ አስለቅቆ መተካት አይሠራም፤ ምክንያቱም ከእነሱ በላይ ማንም የለም። አገሩ የውኃ መለያ ጀርባ ነው። በምሥራቅ የወረደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በምዕራብ የወረደው ወደ አንገረብ ይሄዳል፤ ሁለቱ ሱዳን ውስጥ አትባራ ላይ ይገናኛሉ። ትንሽ ወደ ደቡብ ደግሞ መገጭ ወደ ጣና ያዘነብላል። ከሌላ አገር የሚመጣ ወንዝ፣ ከላይ የሚለቀቅ ግድብ የለም። ያለው እዚያው የወረደው ዝናብ ብቻ ነው፤ የሚተካውም ከዚያው ነው።

ርካሹ መፍትሔ ውኃውን ከመጀመሪያው አለመግለጥ ነው። ቁፋሮው ከከርሰ ምድር ውኃው ከፍተኛ ገጽ አንድ ሁለት ሜትር ቀድሞ ይቁም። እዚህ ላይ የሚፈጸም ተደጋጋሚ ስሕተት አለ፦ የውኃው ጥልቀት የሚለካው በግንቦት ነው። በግንቦት ደረቅ የሆነ ጉድጓድ በነሐሴ ውኃ ይወጣዋል። መለኪያው የክረምቱ ማብቂያ፣ ጳጉሜን ወይም መስከረም መሆን አለበት። ውኃው መገለጡ ግድ ከሆነ ደግሞ በስፋት ሳይሆን በጥልቀት ይቆፈር፤ ትነት ስፋትን እንጂ ጥልቀትን አያውቅም። ስድስት ሜትር የጠለቀ አንድ ጥማድ፣ ሦስት ሜትር ከጠለቀ ሁለት ጥማድ ጋር እኩል ጠጠር ይሰጣል፤ የሚያተነው ግን ግማሹን ነው። የልጆችና የከብት ደኅንነት ግን ዳርቻው እንዲዳፋ ስለሚያስገድድ ይህም ገደብ አለው። ከሥራው በኋላ በተነሣው የላይ አፈርና ድንጋይ ውኃው እስኪሸፈን መልሶ መሙላት፣ ሳፋውን እንደገና በጠጠር እንደመሙላት ነው።

የተረፈውን ዕዳ መክፈያው ተዳፋቱ ላይ ነው። በምዕራፍ 3 እርከን ጎርፍን አስቁሞ እንደሚያሰርግ አይተናል። የጠጠር ኮንትራክተር ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ተዳፋት በእርከንና በማስረጊያ ጉድጓድ ቢያለማ፣ በክረምት የከፈለው ውኃ ከመሬት ሥር ቀስ እያለ ሄዶ ምንጩ ጋ በበጋ ይደርሳል። ይህ መዘግየት እዚህ ጥቅም ነው፤ ዕዳው የሚብሰው በበጋ፣ ገቢው ያለው በክረምት ስለሆነ መሬቱ ራሱ ያስታርቃቸዋል። ሥራው ያለው መጠኑ ላይ ነው። እርከኑ በዓመት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 100 ሊትር ተጨማሪ ውኃ ወደ ጥልቁ ያሰርጋል ብለን ብንነሣ፣ የአንድ ጥማድ ኩሬን 2,400 ሜትር ኩብ ለመተካት 24,000 ካሬ ሜትር፣ ወደ 10 ጥማድ የሚጠጋ ተዳፋት ይጠይቃል። አንድ ለአሥር። በምረቃ ቀን ተተክለው የሚረሱ ችግኞች ይህን አይሸፍኑም። ችግኙ ባሕር ዛፍ ከሆነማ፣ ሥሩን ሰድዶ የተከፈለውን መልሶ ይጠጣዋል።

ርቀትም ይቆጠራል። ከምንጭ 50 ሜትር ላይ ያለ ጉድጓድ የዛሬ ትነቱን ምንጩ ቶሎ ይሰማዋል። ብዙ መቶ ሜትር የራቀ ግን ጉዳቱ ወራት ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል፤ የጥር ትነት በሰኔ ዝናብ ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍም፣ የታኅሣሡ በሚያዝያ ላይ ተደርቦ ሊያደርቅም ይችላል።

የትኛው ኩሬ ነው ጠጪው?

የትነት ጣቢያ የሚጠቀምበት መሣሪያ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የብረት ገንዳ ነው፤ ገንዳው ጎኑም ስለሚሞቅ ከኩሬ የበለጠ ያተናል፤ ስለዚህ ንባቡ በ0.7 ይባዛል። ለቀበሌ ሥራ ግን መስመር የተሠመረበት ሸምበቆ ይበቃል። ሸምበቆው ጉድጓዱ ውስጥ ይተከል፤ ዝናብ በሌለበት በየካቲት ወር ለ10 ቀን ይነበብ። ውኃው 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከወረደ ኩሬው የራሱን የዝናብ ውኃ ብቻ እየጨረሰ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ወደ ታች እየሰረገ ነው፤ እንዲያውም ለምንጩ እየሰጠ ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ካልወረደ ወይም በጥቂቱ ብቻ ከወረደ፣ የተነነውን ከሥር የሚተካለት አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ሰው የሚወድደው፣ “ይኼ ኩሬ በበጋም አይደርቅ፣ በረከት አለው” የሚባለው ያኛው ነው ዋናው ጠጪ። ብዙ ጊዜ ከብት ወርዶ የሚጠጣበትም እሱ ነው፤ ሙላው ቢባል የሰፈሩ ከብት አርቢ አይስማማም፣ በውኃ አዋጁም ባህላዊ ርባታ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ላሞቹ የሚጠጡት ግን ፀሐዩ ከሚጠጣው ጋር አይወዳደርም፦ 100 ከብት እያንዳንዱ በቀን 30 ሊትር ቢጠጣ 3,000 ሊትር ነው፤ የአንድ ጥማዱ ትነት 10,000። ስለዚህ ክርክሩ በከብትና በምንጭ መካከል መሆን የለበትም። ከጥማዱ ላይ ሁለት ሦስት መቶ ካሬ ሜትር ጥልቅ ውኃ ለከብቱ ቢቀር፣ የተቀረው ቢሞላ፣ አርቢውም ከውኃው አይለይም፣ ትነቱም ወደ አሥረኛው ይወርዳል። ያቺ የቀረችው አሥረኛ በማን ተራ ላይ እንደምትቆጠር የውኃ አባቱ፣ የኩሬው ሰፈርና የታችኛው ሰፈር ቁጭ ብለው የሚጨርሱት ነው።